ሰኞ የጀመረው ሐሙስ

እኔ የምናደደው በወረቀቷ አይደለም፤ በሦስቱ ቀን ነው። ወረቀቷማ አጭር ናት፦ «ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንዲቀርቡ።» ለምን? የለም። ማን ከሰሰኝ? የለም። ማኅተሙ ግን ሳሕን ያህላል። ሰኞ ጠዋት ሐይቅ ዳር መረብ ስጠግን የአብዮት ጥበቃው ማቴዎስ አመጣልኝ።

«ማቴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«እኔ አድራሽ ነኝ» ብሎ ጠመንጃውን አስተካክሎ ሄደ።

ጥፋቴንማ ጠረጠርኩ። እሑድ ለት፣ አንድ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ የቀበሌ ስብሰባ ገባ፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፣ ሊቀመንበሩ «የምትደግፉ!» ሲሉ እሱም እንደኛው እግሩን አነሣ፣ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተመዘገበ ብዬ አውርቼ ነበር። አሳ አጥማጆቹ በሳቅ ጀልባ ሊገለብጡ ነበር። ደግሞ እውነት ነው፤ የሚያጠራጥረው ወንበሩ ብቻ ነው፣ እንዴት ቻለው?

ወረቀቷን ከተቀበልኩባት ሰዓት ጀምሮ ሐሙስ ገባ። ማክሰኞ ምሳዬ ሐሙስ ሐሙስ አለኝ። መርፌውን ከመረቡ ይልቅ ጣቴ ላይ ሰካሁት። ረቡዕ አሳ አጥማጁ ታምሩ ጀልባውን አስሮ፣ «በል እንጂ፣ ዛሬስ ምን አየህ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ውኃ አየሁ።»

ታምሩ ግንባሬን በመዳፉ ዳሰሰ። «ይሄ ሰው ታሟል!»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለ እውነት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም! የሰው ውሸት ይወረሳል? ቤት ወረሱ፣ መሬት ወረሱ፤ እሺ፣ አዋጅ አለው። የእኔ ማክሰኞ የተወረሰው በየትኛው አዋጅ ነው?

ሐሙስ፣ ግርፋቱ እንዲለዝብልኝ ሦስት ሱሪ ደራርቤ ለበስኩ። ባለቤቴ ደብሪቱ፣ ምናልባት ብታሰር ብላ፣ ያለንን አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልላ አሸከመችኝና ተከተለችኝ። ቀበሌው በር ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ቆምን። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ፈትያ አስገባችን።

«ሊቀመንበሩ ለሥራ ወጥተዋል። ለሚቀጥለው ሐሙስ ይምጡ።»

«ጉዳዩ ምንድን ነው፣ ጓድ ፈትያ?»

«እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።»

ደሜ ፈላ። ሰባት ቀን! ሌላ ሰባት ቀን ደግሞ በቁሜ ልታሰር? ሁለቱን ሱሪ እዚያው አወለቅሁ፤ ፈትያ ዓይኗን ሸፈነች። ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቅልዬ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ አደረግሁት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሐሙስን የሚፈራልኝ ነው። እኔ ሥራ አለኝ። በቀኑ መጥቼ እረከበዋለሁ።»

ደብሪቱን እጇን ይዤ ቁልቁል ወደ ሐይቁ። ታምሩ ገና ያወጣውን አሳ በዳጣ አቀረበልን። አቤት ማቃጠሉ! ምላሴ ተመልሶልኛል። ወዲያው፣ አንድ አባ ኮዳ ክንፉን አጥፎ፣ የራሽን ካርዱን በመንቆሩ ይዞ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ሲሰለፍ እንዳየሁ፣ ከፊቱ የገባችበትን ሴትዮም እንዴት እንደተቆጣት ነገርኳቸው።

ደብሪቱ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ደነገጠች።

«ብርድ ልብሱን ትተኸው መጣህ እኮ! ማታ ምን ልንለብስ ነው?»

«ማታ ገና ነው» አልኳት። «አሁን ፀሐይ ነው፤ ብዪ!»