የሁለት እርምጃ ቃሬዛ

ምንይሉ ሆዱን በስተቀኝ ጨምድዶ ሲይዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጸበል ተጠጣ፣ ፌጦ ተበጠበጠ፤ ሕመሙ ግን እንደ ክፉ እንግዳ አልነሣም አለ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ከደጅ ቆማ ጠያየቀችውና፣ «ትርፍ አንጀት ይመስላል። ዛሬውኑ ሰቆጣ ሆስፒታል ካልደረሰ ይፈነዳል» አለች።

አምቡላንስ የሚደርሰው እስከ ቁልቁለቱ ግርጌ ድረስ ብቻ ነው። ሚስቱ ሠርካለም «ቃሬዛ ይጠራ!» ብላ ወጣች። ያን ጊዜ ምንይሉ ፈራ። የፈራው በሽታውን አልነበረም፤ ቃሬዛውን ነበር።

ምንይሉ የመንደሩ ቅሬ ዳኛ ነው። ቅሬው የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ተሸክሞ ያወርዳል። ኮሮና የገባ ሰሞን ሬዲዮው «በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ» ሲል ምንይሉ አባላቱን ሜዳ ላይ ሰበሰበ። «የማን እርምጃ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ።

«በእኔ ይለካ» አለ አጭሩ ጓንጉል። «እኔም አዋቂ ነኝ፤ አራት ልጅ አለኝ።»

ምንይሉ ግን ለጥንቃቄ ብሎ ጌታሰውን አስነሣ። ጌታሰው ጅረት ሲሻገር የማይዘል፣ የሚራመድ ሰው ነው። በእሱ እግር ተለካና ስምንቱ ተሸካሚዎች ተራርቀው እንዲቆሙ ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ላይ በጠፍር እየተቀጠለ አዲስ ቃሬዛ ተሠራ። ሲያልቅ አንዱ ጫፍ ምንይሉ ደጅ፣ ሌላው ጫፍ ጎረቤቱ በረት ውስጥ ሆነ። ሕግም ወጣ፦ ርቀት የጣሰ ከቅሬው ይታገዳል።

መጀመሪያ የታገደው ጓንጉል ነበር። ባለፈው ወር እናቱ ስትታመምበት ይህ ቃሬዛ እስኪነሣ አልጠብቅም ብሎ በጀርባው አዝሎ አወረዳት። ከገዛ እናቱ ሁለት እርምጃ አልራቀም ተባለ።

አሁን ስምንት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው መጡ። አንደኛው ጓንጉል ነው።

«አንተ ታግደህ የለም እንዴ?» አለ ምንይሉ እያቃሰተ።

«ታግጃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ቃሬዛ ተጠራ፤ መጣሁ። ይተኙ እንጂ አያ ምንይሉ፣ ሳንነሣ እንዳይፈነዱብን።»

ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ቃሬዛው አማረበት። ከዚያ መንገዱ ገደል አፍ ደረሰና እንደ ፈረስ ኮቴ ዞረ። የፊተኞቹ አራቱ ዞረው ማዶ ሲወጡ የኋለኞቹ አራቱ ገና ወዲህ ነበሩ። መንገዱ ታጠፈ፤ ቃሬዛው ግን አልታጠፈም። ምንይሉ ከጀርባው ሥር ነፋስ ሲገባ ተሰማውና ወደ ታች አየ። ዝንጀሮዎች ቀና ብለው ያዩታል።

ባሕር ዛፉ ሲጥ አለ።

«ኧረ አንድ ሰው ይድረስልኝ!»

«መቅረብ ክልክል ነው» አለ ጌታሰው ከማዶ፣ በአክብሮት። «እርስዎ ነዎት የከለከሉ።»

«ሽሬዋለሁ!»

«ዳኛ ብቻውን አይሽርም፣ ጉባኤ ነው የሚሽር፤ እሱንም እርስዎ ነዎት ያሉ።»

«ጉባኤው ይኸው ተሰብስቧል! ሕጉ ይነሣ የምትሉ እጃችሁን…» ቃሬዛው ተወዛወዘ። «እጅ አታውጡ! እጅ አታውጡ! በአፍ! በአፋችሁ ተናገሩ!»

ሰባቱ በየተራ «ይነሣ» አሉ።

«ጓንጉል፣ አንተስ?»

«የታገደ ሰው ድምፅ የለውም።»

«እገዳህ ተነሥቷል!»

«ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይግባልኝ።»

«ምን ተብሎ ይግባ?»

«እናቱን ስላዘለ አላጠፋም ተብሎ።»

ምንይሉ ሰማዩን አየ። ሕመሙ ይሁን ነፋሱ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጓንጉል እናቱን ስላዘለ አላጠፋም!» ብሎ ጮኸ። ገደሉ ተቀብሎ ደገመው።

«እንግዲያስ ይነሣ» አለ ጓንጉል።

የኋለኞቹ ጫፉን ቋጥኝ ላይ አሳርፈው እየሮጡ ዞሩ። ስምንቱም ማዶ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቃሬዛውን ሳቡ። የኋላው ጫፍ ቋጥኙን ሊለቅ አንድ ክንድ ሲቀረው ጓንጉል ምንይሉን በብብቱ ይዞ ደረቱ ላይ ጎተተው። በሁለቱ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት እንኳ አልነበረም።

ጌታሰው ወገቡ ላይ በሻጠው መጥረቢያ ቃሬዛውን አሳጠረ። ከዚያ ወዲያ መሮጥ ብቻ ነበር።

አምቡላንሱ ቆሞ ይጠብቃል። ነርሷ የምንይሉን ሆድ ዳሰሰች። «አልፈነዳም፤ በሰዓቱ ደርሳችኋል። አንድ አስታማሚ ብቻ ይግባ፤ ከታማሚው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቆ ይቀመጥ።»

መኪናው ውስጥ አንዷን እርምጃ የሚያስረግጥ ቦታ አልነበረም። ስምንቱም ዞረው ዳኛቸውን አዩ።

ምንይሉ ጥርሱን ነክሶ ቀና አለ።

«በጓንጉል ይለካ።»

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ገባ። ባለበት ቆሞ ሁለት ጊዜ እግሩን አነሣና ረገጠ። «ሞልቷል» አለና ከዳኛው ራስጌ ተቀመጠ።