ዐዎ እንጂ አዎ አይደለም

«ቀስ ብለን እናውራ ጋሽ ዒጋል፤ እትዬ ይሰሙናል» አለች ፀጋ።

ካሳነሽ ግን ሰምታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ከመስማት ሌላ ምን ሥራ አለው? ከድንኳኑ ሸራ ወዲያ የሚንሾካሾኩት ሁለቱ፣ ሟቹ ባሏ መምህር ዘነበ ያቋቋመው የበጎ አገልግሎት ክበብ አባላት ናቸው። ፀጋ ወጣት የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ዒጋል ደግሞ ከዘነበ ጋር ያረጀ የጅግጅጋ ነጋዴ። ክበቡ በየዓመቱ ችግር ላልበገረው ተማሪ የሚሰጠው የጽናት ሽልማት ቀኑ ዛሬ ነበር።

«እሱን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ሽልማት? ነውር ነው» አለ ዒጋል። «ሌላ ጊዜ እንሰጣታለን።»

«ሌላ ጊዜ መቼ? ነገ ጠዋት አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ነው። ከዚያ ተማሪው ይበተናል፤ ዐዎን የት እናገኛታለን?»

የልጅቷን ስም ስትሰማ ካሳነሽን ሳቅ አመለጣት። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች እንደገና ማልቀሷ መስሏቸው ትከሻዋን ደባበሷት።

ዘነበ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። ገበያ የሚያግባባ ሱማሊኛ አያጣም፤ ከጉሮሮ የሚወጣው «ዐ» ግን አንድም ቀን ታዞለት አያውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት አዲስ ክፍል ገብቶ ስም ሲጠራ «አዎ ጃማ» አለ።

«አዎ ቲቸር!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«አዎ የምትባለዋን ነው የጠራሁት።»

«አዎ!»

ሳቁ ጋብ ሲል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሳች። «ቲቸር፣ ዐዎ እንጂ አዎ አይደለሁም። ዐዎ ማለት እድል ማለት ነው» አለችው።

ስሟ እድል ይሁን እንጂ እድል ብዙም አልጎበኛትም። እናቷ በመታመሟ አንድ ዓመት ትምህርት አቋርጣለች። ከተመለሰች ወዲህም በየማለዳው ከቱሊ ጉሌድ በወተት መኪና መጥታ፣ የእናቷን የግመል ወተት ገበያ ላይ ሸጣ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር እያለከለከች ትደርሳለች። ዘነበ አንድም ቀን ለምን ዘገየሽ ብሏት አያውቅም።

ዘነበ በማግስቱ ጠዋት ጢሙን እየተላጨ «ዐ... ዐ...» ሲል፣ ካሳነሽ የታነቀ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

«ውሃ አይደለም፤ ስም እየጠራሁ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይህ አልቀረም። ዘንድሮ ክበቡ ዐዎን ሲመርጥማ ባሰበት። «ሽልማቷን ልትቀበል ስትነሳ ትክክለኛ ስሟን ሰምታ ነው መነሳት ያለባት» ይል ነበር። ለሽልማቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሱሪውን ጠቅልሎ ሁለት ቅዳሜ ከክበቡ ልጆች ጋር ባጃጅ ሲያጥብ ከርሟል። የታጠበ ባጃጁን ድጋሚ ያሳጠበ ሾፌር ነበር፤ ቲቸርን ደስ ይበለው ብሎ። ዘነበ ያረፈው ከዚያ በሳምንቱ ነው፤ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ፣ ማንንም ሳያስቸግር። «ዐ»ውን ግን ሳያገኘው ሄደ። ካሳነሽን ከሁሉም የቆጫት ይሄ ነው።

«ፀጋ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት እትዬ!»

«ሽልማቱን እዚህ አምጡት።»

«እዚህ? ድንኳኑ ውስጥ?»

«ምን ጎደለው? ወንበር አለ፣ ሰው አለ።»

ዒጋል ጎንበስ ብሎ ገባ። «ካሳነሽ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ያጽናሽ ስትሉኝ አልነበር? አንተስ ብትሆን በሱማሊኛህ ሰሚር ኢዮ ኢማን፣ ትዕግሥትና እምነት ይስጥሽ፣ አላልከኝም? የጽናት ሽልማት ከዚህ ሌላ የት ሊሰጥ ነው?»

ዒጋል ጺሙን አሻሸ። «ረታሽኝ» አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ገቡ። ጭብጨባም እልልታም እንዳይኖር ተነጋግረዋል። ፀጋ የተሸላሚዋ ስም ያለበትን ወረቀት ስታወጣ ካሳነሽ ከፍራሹ ተነስታ እጇን ዘረጋች።

«እኔ እጠራዋለሁ።»

የዘነበ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ዐ»ውን በቀይ እስክሪብቶ አክብቦበታል። ካሳነሽ አፏን ስትከፍት ሳግ ያዛት። ናፈቃት፤ እንዲህ በሰው ፊት ቆማ በጣም ናፈቃት። የሦስት ቀን ለቅሶ ጉሮሮዋ ላይ ተሰብስቦ ነበርና ስሙ ከዚያው ከታች እየፋቀ ወጣ።

«ዐዎ ጃማ!»

ዒጋል ቀና አለ። እንዲያ ነው የሚጠራው፤ ልክ እንደዚያ።

«አቤት!» አለች ዐዎ ብድግ ብላ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ጥርሷ ግን ስቋል።

አንዲት የእድር ሴት ካሳነሽ የታነቀች መስሏት ብርጭቆ ይዛ ሮጠች። ካሳነሽ ብርጭቆውን በእጇ ጀርባ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«ውሃ አይደለም» አለች፤ «ስም እየጠራሁ ነው።»