የአልታከምም ወረቀት

አቶ ከፈለኝ በ1990 የቡና ወቅት፣ በመጋዘኑ ጣውላ ግድግዳ በኩል የሰሙት ንግግር ሙሉው ትዝ አይላቸውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ቡና ገዢው ስለ መኪናው አንድ ነገር ጠየቀ። የልጃቸው የጌታሁን ድምፅ መለሰ፤ ምን እንዳለ ግን ዝናቡ በላው። መጨረሻ ላይ ብቻ «ዛሬ ቡናው ይውጣ» ሲል ጥርት ብሎ ተሰማቸው። ያቺን ቃል አሥራ ስምንት ዓመት እንደ ዳዊት ደገሟት።

ቡናው ወጣ። ከሰፈራቸው ከሸዋ ቤንች በዚያን ቀን የሚንቀሳቀስ መኪና የጌታሁን አይሱዙ ብቻ ነበር። በጠና ታምመው የነበሩት ባለቤታቸው በየነች በጎረቤት ትከሻ፣ በቃሬዛ ተይዘው ሚዛን ከተማ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ጭቃው መሃል ዐረፉ።

ጌታሁን ከዚያ ወዲያ ቴፒ ወርዶ ከበረ። አሁን የአባቱ ኩላሊት ደክሟል ቢባል፣ አዲስ አበባ ወስዶ ደማቸውን በማሽን ሊያሳጥብ ተነሣ። አገሩም «እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ» ማለት ጀመረ። ሽማግሌውን ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ ምርቃት ነው።

ወልደጻድቅን አስጠሩ። ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው።

«ጻፍ። ወደፊት ራሴን ብስት አዲስ አበባ አልወሰድም፣ ማሽን ላይ አልደረግም። በቤቴ ልሙት።»

«ጋሼ፣ ይሄ ከሃይማኖት ነው ከቂም?»

«አንተ ጸሐፊዬ ነህ ንስሐ አባቴ?»

ወልደጻድቅ ሳቅ አለ። «ሰው በልቦናው ሳለ አልታከምም ማለት መብቱ ነው። ራስዎን የሳቱ ዕለት ግን ሐኪሙ የሚያየው የልጅዎን ዐይን ነው። እሱም ቢፈርምበት ይጸናል።»

«እኔስ የፈለግሁት እሱን አይደል» አሉ። ፊታቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ።

ጌታሁን በማግስቱ መኪናው ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ መጣ። ወልደጻድቅ የሰጠውን ወረቀት ቆሞ አነበበ፤ ተቀምጦ ደገመው።

«አባዬ፣ ይህን ብፈርም አገር ምን ይለኛል? አባቱን ሳያሳክም ገደለ ነው የሚለኝ።»

«ይበልህ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን አሳያቸዋለሁ።»

«አታሳይም። ወረቀቱ በወልደጻድቅ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ከሐኪም በቀር አያየውም። ለቅሶ ላይ ሲጠይቁህ ዝም ትላለህ።»

«ምን በድዬ?»

«እናትህ በቃሬዛ ስትሄድ መኪናህ የት ነበር?»

ወልደጻድቅ ሊወጣ ተነሣ። ሽማግሌው በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡት።

«ገዢው ያን ዕለት፣ እናትህስ? አለኝ» አለ ጌታሁን። «እሷ መቼ ሳትታመም ቀርታ ታውቃለች፣ ነገ ብወስዳትም ይደርሳል አልኩት።»

አቶ ከፈለኝ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ምናልባት አንዳች ምክንያት ነበረው ይሆናል እያሉ፣ በጸሎታቸው መሃል ለልጃቸው ጠባብ በር ትተውለት ኖረዋል። አሁን ተዘጋች።

«ይታከሙና ይዳኑ፤ ከዚያ ይርገሙኝ» አለ ጌታሁን።

«ብድንማ ተመርቀህ ልትቀር ነው።»

«ቄሱን ልጥራ? ሽማግሌ ይግባ?»

«ለእሷ ማን ገባ?»

«ለሚስቴ ለምሕረትም አልንገራት?»

«ሚስትህም ከአገሩ ጋር ትጠይቅህ።»

ደጅ ላይ የመኪናው ሾፌር ክላክስ ነፋ። ማንም አልተነሣም። ወልደጻድቅ ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ወደ ማንም አልገፋውም።

«እስከ መቼ ነው ዝም የምለው?» አለ ጌታሁን።

አባቱ አሰቡበት። ዕድሜ ልክ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እግዜርን ፈሩ መሰል፣ «እስከ ሙት ዓመቴ» አሉ።

ጌታሁን ብዕሩን አነሣ። ፈረመ። ድንኳን ውስጥ «ለምን አላሳከምከውም?» እያለ የሚመጣውን ዘመድና ጎረቤት ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሊሰማ፣ ዓመት እስኪሞላም ስለ ወረቀቱ ለማንም ትንፍሽ ላይል ተስማማ።