ከቃለ ጉባኤው የጎደሉ ሦስት መስመሮች

ሃያ ሁለት ዓመት የከተማችን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ሰው ሲናገር መስማት፣ የተናገረውን መጻፍ፣ ያልተናገረውን አለመጻፍ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፖለቲካ ከሚባለው ነገር ጋር ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አዳራሽ ውስጥ ስቀመጥ የተማርኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ አባላቱ ሲጯጯሁ ተረጋግቼ እጽፋለሁ፣ ሁሉም ዝም ብለው እጅ ሲያወጡ ግን ብዕሬ ይከብደኛል።

ጥርጣሬዬ የጀመረው በወንበር ነው። ከከተማው ጫፍ ያለው የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ አዳራሻችንን አደሰው። የድሮዎቹ አግዳሚዎች ወጥተው ጎማ ያላቸው ወንበሮች ገቡ፤ ግድግዳው ተቀባ፤ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የፋብሪካው ውሃ ተደረደረ። ማን ጠየቃቸው ብዬ ብጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። ሁሉም ወንበሩን እያሽከረከረ ይስቃል።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበር። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ በር ከፍቶ ሰውን የሚያሳልፍ፣ የማንንም ልጅ ስም የማይረሳ። እሱ በሌለበት «ለስላሳው» እንለዋለን፤ በምርቱም በጠባዩም። አንድ ቀን ጠዋት ከጠረጴዛዬ ሥር አጎንብሶ አገኘሁት። የእግር ማሳረፊያ እያስተካከለ ነበር።

«እትዬ፣ ለጉልበትዎ ነው» አለኝ።

አመስግኜው ተቀመጥኩ። እግሬን ሳሳርፍ ደግሞ ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ነው ልቤ ክው ያለው። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ቢሮ ውስጥ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የሚያውቁት ሐኪሜና ባለቤቴ ብቻ ናቸው።

ባለቤቴ የፋብሪካው ሰርቪስ ሾፌር ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዕቃ ሲያጥብ ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ውጪ ድምፁ አይሰማም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዓይኔ እሱ ላይ ሆነ። ስልክ ሲደወልለት ወደ ግቢ ይወጣል። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለማይዝ ነው እል ነበር፤ አሁን ለምን አጥሩ ጥግ ድረስ ይሄዳል ማለት ጀመርኩ። ሲታጠብ ጠብቄ ስልኩን በረበርኩ። የአውቶቡስ ጎማ ፎቶ፣ ከእህቱ የተደወለ፣ ለጋራዥ የተላከ መልእክት፣ ሌላ የለም። እፎይ አላልኩም። «አጥፍቶታል» አልኩ።

በዚህ መሀል ትልቁ ስብሰባ መጣ። ፋብሪካው ለከተማው ከተቆፈሩት ሦስት አዳዲስ የውሃ ጉድጓዶች በሠላሳ ዓመት ውል ልጠቀም ብሎ ጠየቀ። መብራት ጠፍቶ ግድግዳው ላይ ፊልም ታየ፤ ሰማያዊ ውሃ፣ የሚስቁ ሕፃናት። ፊልሙ ሲያልቅ «ጋሼ ለምን» የምንለው አባል እጁን አወጣ።

ጋሼ ለምን የታችኛው ሰፈር ተወካይ ነው። ከውሃ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ የፓምፕ መካኒክ ሲሆን «ለምን?» ሳይል ያለፈ ስብሰባ ስለሌለ ስሙ ጠፍቶ ይሄ ብቻ ቀረ። ቆመና እንዲህ አለ፤ እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት። «እነዚህን ጉድጓዶች የሞከርኳቸው እኔ ነኝ። በበጋ ሁለቱን እንጂ ሦስቱንም ባንዴ መሳብ አይቻልም። ውሃው ሲያንስ ቀድሞ የሚቆመው የማን ፓምፕ ነው፣ የፋብሪካው ወይስ የሰፈሩ? ይህ ውሉ ላይ ይጻፍ።»

ሰብሳቢው «ሐሳቡ ተይዟል» ብሎ አለፈ። በእኛ ምክር ቤት ሐሳብ ተያዘ ማለት ሰው ተያዘ እንደ ማለት ነው፤ የት እንደ ገባ አይታወቅም።

ቃለ ጉባኤውን ሰኞ ጽፌ ለሰብሳቢው ቢሮ ሰጠሁ። ሐሙስ ማኅተም ሊደረግበት ተመለሰ። እንደ ልማዴ ከደብተሬ ጋር ሳመሳክር ገጽ ስድስት ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ሦስቱ መስመሮች የሉም። ክፍተት እንኳ አልተተወም። ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ተገጣጥሞ፣ ጋሼ ለምን በዚያ ቀን አፉን ያልከፈተ ይመስላል።

ሰብሳቢውን ጠረጠርኩ። የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠረጠርኩ። ከሥራ ወጥቼ ቤት እስክደርስ ደግሞ ባለቤቴ ቦርሳዬን ነክቶ ይሆን ወይ እያልኩ ነበር። እራት ላይ አላስቻለኝም።

«ስለ ጉልበቴ ማን ነገረው?»

«ለማን?»

«ለለስላሳው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ ነኝ።»

«እንዴት ትነግረዋለህ?»

«ሰርቪሱ ላይ ተሳፍሮ ነበር። 'እትዬ እንዴት ናቸው?' አለኝ። 'ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል' አልኩት። ሰው ሲጠይቅ ምን ይባላል ታዲያ?»

ፊቱን አየሁት። የሠላሳ ዓመት ፊት ነው፤ ውሸት ቢኖርበት አይጠፋኝም። አልነበረበትም።

«ስልኬንም አይተሻል» አለ ቀስ ብሎ።

«አይቻለሁ።»

«የጎማ ፎቶ ነው ያለው።»

«እሱንም አይቻለሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን። አፍሬ ነው የሳቅኩት። እሱን ማመኔ ግን ሌላውን ነገር አባሰብኝ። ሰላይ አያስፈልጋቸውም ማለት ነው። እንዴት ናችሁ ብለው ይጠይቃሉ፤ የተነገራቸውንም አይረሱም።

ቅዳሜ ከሰዓት ገጹንና ደብተሬን ይዤ ጋሼ ለምን ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጁ ናት። በኬሚስትሪ ተመርቃ አራት ዓመት ያለ ሥራ ቤት የተቀመጠች ልጅ ነበረች፤ አሁን አንገቷ ላይ የፋብሪካው መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ላቦራቶሪ ገብታ ወር እንዳልሞላት ነገረችኝ። ሻይ አቀረበችልንና ወደ ጓዳ ገባች።

ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ፤ አላነበበውም።

«አውቃለሁ» አለ። «ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ለምን?»

ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ይህች ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ እንዴት ትከብዳለች» አለ።

«ማን አስፈራራዎት?»

«ማንም። ቢያስፈራሩኝማ እምቢ እል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የለመድኩት እሱን ነው። ያ ልጅ መጣ። አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀመጠ። ልጄን አመሰገናት፤ 'ጎበዝ ናት፣ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ወር ነው የቀራት' አለኝ። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። በማግስቱ በገዛ እግሬ ሰብሳቢው ቢሮ ሄድኩና 'ያቺ ነገር አልተጣራችም፣ ትውጣ' አልኩ። ውጣ ያለኝ የለም፣ ግባ ያለኝ የለም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»

ከጓዳ ይሰማ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቆሟል። ወደ በሩ ዞር አልኩ።

«አታውቅም» አለኝ በሹክሹክታ። «እባክሽ።»

ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል ነበር። ምን አገባኝ? ጋሼ ለምን ራሱ ቃሌን መልሱልኝ አላለም። የልጅቷ እንጀራ አለ፤ የባለቤቴም እንጀራ እዚያው ነው። የሰፈሩ ሰው ደግሞ በበጋ ምን እንደሚጠጣ እኔ ነኝ የማስብለት? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቤት ደረስኩ። ራሴንም ጠረጠርኩ፤ ይህን ሁሉ ምክንያት የምደረድረው አንድ የእግር ማሳረፊያ ስለ ተቀበልኩ ይሆን?

በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ የሚደረገው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነው። ሰብሳቢው «ማስተካከያ ያለው?» ይላል፤ ሰው ደህና አደራችሁ ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ እንደሚያልፈው። ጸሐፊ ካልተጠየቀች አትናገርም። እኔ ተነሣሁ።

«ገጽ ስድስት ላይ ሦስት መስመር ጎድሏል» አልኩና ከደብተሬ አነበብኩ።

የሚሽከረከሩት ወንበሮች ቆሙ። ለስላሳው ከኋላ የእንግዶች ረድፍ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ፈገግታው እንደ ነበረ ነው።

«ጸሐፊዋ ተሳስታ ይሆናል» አለ ሰብሳቢው። «ተናጋሪው እዚሁ አሉ፤ እሳቸው ይንገሩን። ይህን ብለዋል?»

ጋሼ ለምን ቀና አላለም።

«አላስታውስም» አለ።

ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ወረቀቱን ሲገልጥ ሽማግሌው እጁን አነሣ።

«አልጨረስኩም። እኔ አላስታውስም። የሷን ደብተር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሲዋሽ አላየሁም። ብሏል ካለች ብያለሁ። ይግባ።»

ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሉ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ድጋፍ፣ በአራት ተቃውሞ ጸደቀ። ጥያቄው ውሉ ላይ አልተጻፈም። ጋሼ ለምን ለድጋፍም ለተቃውሞም እጁን አላወጣም። ሲወጣ አጠገቤ ሲደርስ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። ልጅቷ የምትባረረው መቼ ነው? ባለቤቴስ? ምንም አልሆነም። ልጅቷ የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ቋሚ ሆነች። ባለቤቴ አዲስ አውቶቡስ ተሰጠው። ጥርጣሬዬ የባሰው ያኔ ነው፤ ቅጣት ቢመጣ ልኩን አውቀው ነበር። በሁለተኛው ወር ለእኔም ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው አድገዋል» ይላል። ለባለቤቴ አሳየሁት።

«እድገት ነው ቅጣት?» አለኝ።

«አልተጻፈበትም።»

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። አንድ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ የግቢው ዛፍ ይታያል። ፋይሎቹ ተደበላልቀው፣ አንዳንዶቹን አይጥ በልቷቸው አገኘሁ። በዓመት በዓመታቸው ለየኋቸው፤ የተቀደደውን አጣበቅኩ፤ መደርደሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። የሚያዘኝ የለም፣ የሚያቆላምጠኝም የለም። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ያለ ምክንያት ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁና ደነገጥኩ።

ማታ ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ጠየቀኝ። «ምን ሆንሽ? ሥራው አልተመቸሽም?»

«ተመችቶኛል።»

«ታዲያ ምን ያሳስብሻል?»

«መመቸቴ።»

አልሳቀም። «ያ ሰው የሰጠሽን መልሺ፤ ሲቀር የሚቀረውን እዪው» አለኝ። በነጋታው ይዤው የወረድኩትን የእግር ማሳረፊያ በፅዳት ሠራተኛዋ በኩል ወደ ላይ ላክሁት። ጉልበቴን አመመኝ። ደስታዬ ግን አልቀነሰም። ያኔ ነው የራሴ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ትንሽ ማመን የጀመርኩት።

ለስላሳው አንድ ጊዜ ወርዶ ጎበኘኝ። «እትዬ፣ እዚህ ይጨልማል፤ መብራት እናስገባልዎ?» አለኝ።

«አይጨልምም።»

«የሚጎድልዎ ነገር ካለ…»

«የለም።»

የምለው እውነት ነበር፤ እሱም እንደ ገባው አየሁ። በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ መንገድ የጠፋበት ሰው መሰለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድካም አየሁበት። ድካሙንም ጠረጠርኩት፤ ልማድ በቀላሉ አይለቅም።

ሁለተኛው በጋ ሲገባ ሦስት ሴቶች መጡ። ከታችኛው ሰፈር ነን አሉ። ስለ ጉድጓዶቹ ውል የተነጋገሩበትን ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ፈለጉ። ሕጉ ለማንም ነዋሪ ይሰጥ ይላል፤ የጠየቀ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሊፈትኑኝ የተላኩ መሰለኝ።

«ማን ላካችሁ?» አልኳቸው።

አንደኛዋ፣ ጠና ያለችው፣ «ቧንቧችን ነዋ» አለች። «በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። አፉን ከፍተን ብንጠብቅ ንፋስ ብቻ ነው የሚያወጣው። እስቲ ሲወስኑ ስለ እኛ የተናገረ ሰው ነበር ወይ ብለን ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ፋይሉን አወጣሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደረግሁ፣ እያንዳንዱን ገጽ ማኅተም መታሁበት። ገጽ ስድስትን ቆመው አነበቡት። ታናሺቱ በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን ስለሰጠሽን ችግር አይመጣብሽም?» አለችኝ ጠና ያለችው።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቱም ይኸው ነበር።

ጠና ያለችው ወረቀቱን ጡቷ ሥር ሸጎጠችና ወጡ። በመስኮቱ ግቢውን ሲያቋርጡ ተከትዬ አየኋቸው፤ ማንን እንደሚያነጋግሩ ለማየት። ማንንም አላነጋገሩም። የምሳ ሰዓት ስለነበር ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩና ባለቤቴ ያሰረልኝን አንድም ሳላስቀር በላሁ።