የተውሶው ጉማጅ

አለምነህ ስምንት ያለቁ ማረሻዎች ተሸክሞ ወረታ ዳር፣ ቀጥቃጩ በላቸው ቤት ሲደርስ በሆዱ የያዘው አንድ ሐሳብ ነው፤ ብረቱን እንዳይሰረቅ። የፎገራ ሜዳ ውሃ ሳይተኛበት አርሶ ለመጨረስ አራት ማረሻ ያስፈልገዋል፤ አዲስ ብረት መግዣ የለውም።

«ሦስት ያለቀ ማረሻ፣ ሦስት ጉማጅ፣ አንድ አዲስ ማረሻ ይወጣዋል» አለ በላቸው ወናፉን እያናፋ። «የእጄ ለአንዱ አንድ ቁና ጤፍ። ስምንቱ አራት ይሆኑልሃል።»

አለምነህ በጣቱ ቆጠረ። ስድስቱ ሁለት ማረሻ፤ ሁለት ጉማጅ ይተርፋል። አራት ከየት ይመጣል? የበላቸው ሚስት ጠላ ስታቀርብለት፣ እንደ አገሬው ሁሉ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ብሎ የቤቱን እህል ውሃ ፈርቶ፣ «ጾም ነኝ» አለ። ሁዳዴ ነበርና አዳነው።

ብረቱ እንዳይለወጥበት አስቀድሞ በየጉማጁ ላይ መስቀል ፍቆ ነበር። ሁለቱን ማረሻ ሲረከብ አገላብጦ ቢያይ መስቀል የለም።

«ለውጦብኛል» አላት ለሚስቱ ለእናኑ።

«እሳት ገብቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ መስቀልህ የት ይቀመጥ? አንተ እኮ ጌሾው ላይ ምልክት አድርገህ ጠላው ውስጥ ትፈልጋለህ።»

ሁለቱ ማረሻ ሲታረስባቸው አለቁ። ከተረፉት ጋር አራት ጉማጅ ሆኑ፤ ሦስቱ አንድ ማረሻ ወጣቸው። እሱም አለቀ። በእጁ ሁለት ጉማጅ ቀረ፤ ሰማዩ በጣና በኩል ጠቁሯል።

በላቸው ከግድግዳው ሥር የራሱን አንድ ጉማጅ አንሥቶ ከሁለቱ ጋር እሳት ውስጥ ከተተው። «አውሼሃለሁ። ማረሻው ሲያልቅ ጉማጁን መልስልኝ።»

«በምን ልትይዘኝ ነው?»

«ጉማጇ እዚህ ስትቀመጥ ዝገት ነው የምታተርፍልኝ። አንተ ጋ ስትሄድ አንድ ቁና ታመጣለች።»

አለምነህ በየፈሩ በሬው እስኪያነክስ፣ ልጁ እስኪያተኩሰው እየጠበቀ አረሰ። ምንም አልሆነም። ውሃው ሳይደርስ ጨረሰና የመጨረሻዋን ጉማጅ መለሰ። በላቸው ወደ ቦታዋ ወረወራት። አለምነህ ግን አልሄደም።

«ምን ቀረህ?»

«ስምንት ጉማጅ አምጥቼ በአራት ማረሻ አረስኩ። የጎደለበት ማነው?»

«ማንም።»

ይኸኛው መልስ የባሰ አስጨነቀው። የበላቸው ሚስት ጠላ ይዛ መጣች።

«ጾም...»

«በበዓለ ሃምሳ?» አለ በላቸው።

አለምነህ ወደ ደጁ አየ፤ ሰው የለም። አማተበና ዋንጫውን ተቀበለ። አጋምሶ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ሆዱን ዳበሰ።

«ደህና ጠላ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከጉማጇ ሳይነቅል።