ያልነጣው ብርጭቆ

ጁማና ጠርሙሱን በሹራብ ጠቅልላ፣ በቦርሳዋ ደብቃ ነበር ያመጣችው። አባቷና አክስቷ ሎር ለወንዙ የቀረበውን ጠረጴዛ ሲመርጡ እሷ ቀስ ብላ ወደ ማዕድ ቤቱ መተላለፊያ ገባችና አስተናጋጁን ሸፊቅን እጅጌውን ያዘችው።

«ሸፊቅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ።»

ሸፊቅ የታላቅ ወንድሟ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። በአንድ እጁ ስድስት ሳህን ተሸክሞ ቆመ። «በዚህ ሰዓት? እሑድ ቀን? ቅዳሴ የወጣው የዛህሌ ሰው በሙሉ እዚህ እኮ ነው ያለው! በይ ቶሎ ተናገሪ።»

«ወይን ጠጅ ነው፣ ነጭ። ጥሬ ሥጋው፣ ኪቤው፣ ሲቀርብ ለአባባ ቅዳላቸው። ማን እንደሠራው ግን እንዳትናገር። ሲወዱት እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ባይወዱትስ?»

ጁማና ጠርሙሱን ወደ እሱ ገፋችው። ሸፊቅ ፊቷን አየና መቀለዱን ተወ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ከወንዙ ውሃ በሚገባበት የድንጋይ ቦይ ውስጥ፣ አባቷ ካመጡት የአረቄ ጠርሙስ ጎን፣ እንዲቀዘቅዝ አጋደመው።

አባቷን ሰው ሁሉ በበኩር ልጃቸው ስም አቡ ጠኑስ፣ የጠኑስ አባት፣ ይላቸዋል። በከተማው አረቄ ሲነሳ ስማቸው ይነሳል። ከላይኛው ማሳቸው የሚለቀመው ነጭ ወይን በየዓመቱ እስከ መጨረሻዋ ዘለላ ድረስ አረቄ ይሆናል፤ የአኒስ ቅመም ገብቶበት፣ ሦስት ጊዜ ወጥቶ፣ በጋን ተኝቶ። ጁማና በዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ከማሳው እኩሌታውን ለወይን ጠጅ እንዲሰጧት ለምናቸው ነበር። አባቷ ሳቁ። «ወይን ጠጅ ከመጠጣቱ በፊት ብዙ ለሚያወራ ሰው ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ባለፈው መስከረም ከለቀማው አንድ ጋን የሚሞላ ያህል አስቀርታ፣ ከጎተራው ጥግ፣ ከገለባው ጀርባ ጠመቀችው። አሁን ደግሞ መስከረም ተመልሶ መጥቷል። ነገ ሰኞ ለቀማው ይጀመራል። ዛሬ አባቷን ካላሸነፈች ማሳው እንዳለ ወደ አረቄው ድስት ይገባል፤ እሷም ሁለተኛ ለመጠየቅ አፏ እንደማይከፈት ራሷን ታውቃለች።

ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ ነጩ የጠረጴዛ ጨርቅ ከሳህኑ ብዛት አይታይም። የቅጠል ሰላጣው ታቡሌ በሎሚ ርሶ ያብረቀርቃል። ከተፈጨ ሽምብራ የተሠራው ሁሙስ መሐሉ ተጎድጉዶ ዘይት ቋጥሯል። በከሰል የተጠበሰው ደብርጃን ጢሱ ገና አልለቀቀውም፤ ከጎኑ እርጎው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ በቀይ ሥር የቀላው አቻሩ፣ ከምድጃ እንደወጣ ተነፍቶ የመጣው ዳቦ። ከጀርባቸው ወንዙ ይጮሃል፤ ሰው ደግሞ ከወንዙ በላይ ይጮሃል።

«ብዪ እንጂ!» አሉ አክስቷ ሎር፤ ሳህኗ ላይ ታቡሌ እየከመሩ። «ምን ሆነሻል? ሙሽራ ልናይልሽ የመጣን አስመሰልሽው እኮ።»

«እየበላሁ ነው፣ አክስቴ።»

«ምኑን? አየሩን?»

አቡ ጠኑስ አልሰሙም። አንገታቸውን አስግገው ሦስት ጠረጴዛ አልፎ የተቀመጡትን እስከንደርን ይፈልጋሉ። እስከንደርም አረቄ ያወጣሉ። ሁለቱ የአርባ ዓመት ጓደኞች ናቸው፤ በእነዚህ አርባ ዓመታት ግን አንዱ የሌላውን አረቄ አመስግኖ አያውቅም። እሑድ እሑድ አንድ አንድ ጠርሙስ ይላላካሉ፤ ከዚያ ሲሰዳደቡ ይውላሉ።

«ሸፊቅ!» ብለው ተጣሩ አባቷ። «ከቦዩ ጠርሙሴን አውጣና ለዚያ ሽማግሌ ውሰድለት። አረቄ ምን እንደሚመስል እንዳይረሳ!»

«እሺ፣ አቡ ጠኑስ!»

ጁማና ጥሬ ኪቤው ሲመጣ እያየች ነበር። ሥጋው እንደ ቅቤ ልሞ፣ በሹካ ተሸንሽኖ፣ የናና ቅጠል ተሰክቶበታል። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደበቀቻቸው። ሸፊቅ ጠርሙስ ይዞ መጣና ለአባቷ ቀዳ፤ ውሃ ሲጨምርበት ብርጭቆው ቀስ እያለ ነጣ። ወተት መሰለ።

አረቄ ነው፤ ውሃ ሲነካው የሚነጣው በአኒሱ ነው።

ሸፊቅ የቀዳውን አየ፤ ጁማናን አየ፤ ወደ ቦዩ ዞሮ አየ። የቤታቸው ጠርሙስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም መለያ ወረቀት የሌለው ጥርት ያለ መስታወት። ቦዩ ውስጥ የቀረ ጠርሙስ የለም።

«አቡ ጠኑስ!» የሚል ድምፅ ወንዙን አቋርጦ መጣ።

እስከንደር ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው ቆመዋል። «ምንድነው የላክህልኝ? ውሃ ጨመርኩ፣ አልነጣም! በረዶ ጨመርኩ፣ አልነጣም! ጸሎት ላድርስበት እንዴ?»

ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ዘለለ። የማይነጣ አረቄ! አንዱ ተነስቶ ሊያይ ሄደ፤ ሁለት ሴቶች ተከተሉት። ልጆች ወንበር ላይ ወጡ። «አረቄን የአንበሳ ወተት እንለው የለ? ጡቷ የደረቀ አንበሳ አልቦ ይሆናል!» አለ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሰው፤ እንደ ገና ሳቅ።

አቡ ጠኑስ አልሳቁም። መሐረባቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ እስከንደር ሄዱ። ጁማና ሳታስበው ተከተለቻቸው። አባቷ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ፈዛዛ ነው፤ ከተጨመረበት ውሃ ጋር ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። አሸተቱት። ጆሯቸው ቀላ።

«አኒስ የለበትም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ «የትኛው ጋን ነው? የቱ ነው የተበላሸብኝ?»

«እርጅና ነው፣ ወንድሜ» አሉ እስከንደር፤ በደስታ ሊፈነዱ ደርሰዋል። «አኒሱን ረሳኸው። ከዚህ በኋላ እኔ እያወጣሁ በስምህ እሸጥልሃለሁ፣ አታስብ።»

ሸፊቅ ከኋላዋ ቆሟል። ጁማና ዝም ብትል እሱም እንደማይናገር ታውቃለች። ምሳው ያልቃል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግን አባቷ ብርጭቆውን ደግመው ደጋግመው ያሸቱ ነበር። በአረቄያቸው ሲጠራጠሩ አይታቸው አታውቅም።

«አረቄ አይደለም» አለች።

ድምፅዋ ወንዙ ውስጥ ጠፋ።

«አረቄ አይደለም!» አለች ደግማ፤ አሁን ራሷም ደነገጠች። ምግብ ቤቱ ዞሮ አያት። «ወይን ጠጅ ነው። እኔ ነኝ የጠመቅሁት። ለአባባ ነበር፤ ተሳስቶ ነው እዚህ የመጣው። የአባባ አረቄ ምንም አልሆነም። ወይን ጠጅ ላይ ውሃ ቢጨምሩ እንዴት ይነጣል?»

ከዚያ አክስቷ ሎር ከሩቅ፣ «ይህች ልጅ ድምፅ አላት እንዴ!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሳቁ ግን ዞሮ እስከንደር ላይ ነበር።

«ወይን ጠጅ ላይ በረዶ ጨመርክ?» አሉ አቡ ጠኑስ፤ ጀርባቸው ቀና አለ። «አርባ ዓመት አረቄ ሠርተህ በአፍንጫህ አትለይም?»

«ካንተ ቤት መጣ! እንዴት ልጠርጥር?» እስከንደር ተናደው ከጠርሙሱ ሌላ ብርጭቆ ቀዱ፤ ያለ ውሃ፣ ያለ በረዶ። ሊያሾፉ ነበር። አፋቸውን ሞልተው ለመትፋት እንደተዘጋጀ ሰው ጉንጫቸውን ነፉ።

አልተፉም። ዋጡት። ከዚያ ጥቂት ቀመሱ፤ ከዚያም ቁጭ አሉ።

«እ?» አሉ አቡ ጠኑስ።

«መጥፎ ነው።»

«እስቲ ልየው።»

«ምን ያደርግልሃል? መጥፎ ነው አልኩህ እኮ።» ጠርሙሱን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ለእኔ ነው የላክኸው። ምስክር አለኝ።»

«የእኔ ማሳ ወይን ነው፣ አንተ!»

«ታዲያ ለምነኝ።»

ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ከበበ። አቡ ጠኑስ ልጃቸውን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ የጓደኛቸውን ፊት አዩ። ጁማና አባቷ ማንንም ሲለምኑ ሰምታ አታውቅም።

«አንዴ አቅምሰኝ» አሉ በመጨረሻ፤ ከአፋቸው ጥርስ የሚነቀል ይመስል ነበር። እስከንደር ድል እንዳደረገ ሰው ግማሽ ብርጭቆ ቀዱላቸው።

አቡ ጠኑስ ቀመሱ። ዓይናቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። አንዴ ደገሙ። ጁማና የወንበሩን ጀርባ ጨበጠች።

«የትኛው ጋን ነው?»

«አፉ የተሸረፈው። ከገለባው ጀርባ።»

«እኔ እኮ አይጥ ነው የሚያንኳኳው ብዬ ወጥመድ አጠመድኩ።»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ጣቴን ይዞኝ ነበር።»

አባቷ የታችኛውን ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ ሲያፍኑ እንዲህ ናቸው። የቀረውን ጠጡና ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሸፊቅ እንደ ልማዱ ንጹሕ ብርጭቆዎች የሞላ ትሪ ይዞ ጎንበስ አለ። አረቄ ጠጪ በተቀዳለት ቁጥር አዲስ ብርጭቆ ይይዛል፤ አቡ ጠኑስ ደግሞ በዚህ ቀልድ አያውቁም፤ ባገለገለ ብርጭቆ ሲቀዱላቸው ተነስተው የሄዱበት ሠርግ አለ። ሸፊቅ ባዶውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

አቡ ጠኑስ መዳፋቸውን ብርጭቆው ላይ ጫኑበት።

«ተወው። በዚሁ ቅዳ።»

ሸፊቅ ትሪውን ይዞ ደርቆ ቀረ።

«ብርጭቆ ደገመ!» ብለው ጮኹ እስከንደር፤ ወንበራቸው ወደ ኋላ ሊወድቅ ደርሶ። «እናንተ ሰዎች፣ አቡ ጠኑስ ብርጭቆ ደገመ!» አንዱ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው እስከ ማዕድ ቤቱ ድረስ ሄደ፤ ምን እንደተፈጠረ የማያውቁት ምግብ አብሳዮችም ወጥተው አጨበጨቡ።

አባቷ በጭብጨባው መሐል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ነገ በጠዋት ትነሻለሽ። የላይኛውን ማሳ በምሥራቅ በኩል ካለው እኩሌታ ጀምሪ። ፀሐይ ሳይመታው ይለቀም። እኩሌታውን ነው ያልኩት፤ ሁሉንም አላልኩም።»

«እኩሌታውን ነው የጠየቅሁት» አለች ጁማና።

ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሰች። ቁጭ ብላ ዳቦ ቆረሰች፤ ጥሬ ኪቤውን በዘይት አርሳ፣ ከናናውና ከሽንኩርቱ ጋር ጠቅልላ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጎረሰች። ርቧት ኖሯል። ሁሙሱን ጠራርጋ ደብርጃኑን ጀመረች።

«ይኸውላችሁ!» አሉ አክስቷ ሎር፤ ለመላው ምግብ ቤት። «በላች!»