አርባ ከአርባ

በክሊኒካችን የሥነ ልቦና ምክክሩ ሲያልቅ ታካሚው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሞላል። አራት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከአሥር። ተደመጥኩ? የፈለግሁትን አወራሁ? አሠራሩ ተስማማኝ? ዛሬ ጠቀመኝ?

የእኔ ታካሚዎች አርባ ከአርባ ይሰጡኝ ነበር። እትዬ የምላቸው የሥራ ባልደረባዬ ታካሚዎች ግን ሃያ ሁለት፣ ሃያ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች።

እትዬ ከነርስነት የመጡ ናቸው፤ እኔ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ክፍሎቻችንን የሚለየው ኮምፔንሳቶ ስስ ስለሆነ ድምፃቸው ይሰማኛል።

“እዚህ ጋ አራት ነው የሰጡኝ። ምን አጠፋሁ?” ይላሉ። ከዚያ ታካሚው፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ፣ ገና መናገር ይጀምራል።

“እትዬ፣ ወረቀቱን እፊታቸው ለምን ያነቡታል? ያፍራሉ እኮ” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ይፈሩ፣ ይፈሩና ይናገራሉ። ይሉኝታ ስንቱን ገድሏል! አንቺስ ወረቀቱን የት ነው የምትከቺው?”

“ፖስታ ውስጥ።”

“እንግዲያው የዳነው ፖስታው ነው” ብለው ሳቁብኝ።

በወሩ መጨረሻ ኃላፊው ሁለታችንንም ጠራን። በጀት ተቀንሶ የቀረው የአንድ አማካሪ ቦታ ብቻ ነበር። ወረቀቶቹን ደምሮ ጠበቀን። “ቁጥር አይዋሽም” አለ።

የእትዬ ታካሚዎች እየተመላለሱ እንቅልፍ እንዳገኙ፣ ወደ ሥራቸው እንደተመለሱ አውቃለሁ። የእኔዎቹ በሦስተኛው ቀጠሮ አመስግነውኝ ይጠፋሉ። ይህን መናገር እችል ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ኃላፊው ትሕትና መሰለው።

እትዬ ሹራባቸውንና ነጠላ ጫማቸውን በፌስታል አድርገው ሲወጡ፣ “ሹፌሩን አደራ” ብቻ አሉኝ።

ሹፌሩ የእኔ ታካሚ ነው። አውቶቡሱ ሰው ከገጨ ወዲህ መሪ አልነካም። ከሌሎቹ የተለየው ባለመቅረቱ ነው፤ ሰባት ጊዜ መጥቶ ሰባቴም አርባ ሰጥቶኛል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ስቀር እትዬ አነጋግረውት ነበር። ለእሳቸው አሥራ ዘጠኝ ሰጣቸው። ያን ቀን ደስ ብሎኛል።

እትዬ በወጡ በሳምንቱ ሹፌሩ መጣና ሳይቀመጥ፣ “ሴትዮዋ የሉም?” አለኝ።

“ለቀዋል። ምነው?”

“ወደ እሳቸው እንድታዛውሪኝ ልለምንሽ ነበር። አትቀየሚኝ።”

“አሥራ ዘጠኝ አይደል እንዴ የሰጧቸው?”

“አዎ፣ ተናድጄባቸው ነበር። ለምን እንደተናደድኩ ጠየቁኝ። ለሚስቴ እንኳን ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።”

“ለእኔስ ለምን አርባ?”

መሬት መሬቱን አየ። “ወረቀቱን ስትሰጪኝ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ላይ ልጄ ትሆኛለሽ። እንዴት ብዬ ላስከፋሽ?”

ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ አየሩና ስለ ወንድሙ ቤት አወራን። ሲጨርስ ወረቀቱን ሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜ እፊቱ ገልጬ አነበብኩት። አርባ።

“እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን አጠፋሁ?” አልኩ። እንደ እትዬ ልለው ነበር፤ ግን ድምፄ ተሰበረ፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ።

አፉን ከፍቶ ነበር። እንባዬን ሲያይ ዘጋው።

“ኧረ ምንም! አንቺ ደግሞ ምን ታጠፊያለሽ!” ብሎ ተነሳና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። “አይዞሽ፣ ልጄ። አይዞሽ።” እያጽናናኝ ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። በሚቀጥለው ሳምንት በሰዓቱ ወንበሩን አስተካክዬ ጠበቅሁት። አልመጣም። ከኮምፔንሳቶው ማዶም ድምፅ አልነበረም።